የሠፈር ጥያቄን ወደ ወረዳ በጀት ማስገባት፦ ለአዲስ አበባ ዳር ነዋሪዎች ዝርዝር መመሪያ

ሰኔ ላይ በወረዳ አዳራሽ ተነሥቶ ስለ ሠፈሩ ጎርፍ የሚናገር ሰው ጥያቄው እውነት ነው፤ ጊዜው ግን አልፏል። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይጀምራል። ሰኔ ላይ የሚቀርበው ረቂቅ ከወራት በፊት በቁጥር ተሞልቶ ወደ ላይ የሄደ፣ ተቀናንሶ የተመለሰ ወረቀት ነው። በዚያ ሰዓት አንድ መስመር ለመጨመር ከሌላ መስመር መቀነስ ግድ ይላል፤ ያንን የሚደፍር ኃላፊ ብዙ አይደለም። ስለዚህ ጥያቄያችሁ በጥር ወር፣ በልክና በዋጋ ተዘጋጅቶ፣ ገንዘቡን በሚይዘው ቢሮ መዝገብ ቤት መግባት አለበት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ብሩን በጀቱ ከሚጸድቅበት እስከ ሥራው ርክክብ መከተል ነው።

ይህን ስታደርጉ የማንንም ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 43 ዜጎች በልማት የመሳተፍ፣ በተለይም ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸውን እንዲሰጡ የመጠየቅ መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። አንቀጽ 12 ደግሞ የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። በጀቱን የሚያጸድቀው ግን ምክር ቤት ነው። ብራዚል ውስጥ ፖርቶ አሌግሬ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመረችው ዓይነት፣ ነዋሪው በየሠፈሩ ተሰብስቦ የኢንቨስትመንት ገንዘቡን ቅደም ተከተል የሚወስንበት አሠራር እዚህ የለም። እዚህ ያለው ምክክር ነው። ምክክር ደግሞ ክብደቱ የሚወሰነው ይዛችሁ በምትቀርቡት ወረቀት ጥራት ነው።

በቅድሚያ፦ ሠፈራችሁ በማን አስተዳደር ሥር ነው?

መሀል ከተማ ላይ ይህ ጥያቄ አይነሣም። ዳር ላይ ግን ወራት የሚያባክነው ስሕተት ከዚህ ይጀምራል። በነሐሴ 2014 አዲስ አበባና ኦሮሚያ በወሰን ጉዳይ ከተስማሙና በ2015 ሸገር ከተማ ቡራዩን፣ ሰበታን፣ ሱሉልታን፣ ገላንንና ለገጣፎ ለገዳዲን አቅፋ ከተቋቋመች በኋላ፣ ጎን ለጎን የቆሙ ሁለት ሠፈሮች በጀታቸው ከሁለት የተለያዩ አስተዳደሮች የሚመጣበት ቦታ አለ። የካ አባዶና ቦሌ አራብሳ ያለ ሰው ጉዳዩ ለሚ ኩራ ክፍለ ከተማ ነው፤ ቱሉ ዲምቱ ያለ ሰው አቃቂ ቃሊቲ። ወሰኑ አጠገብ ከሆናችሁ የቆየ መታወቂያ ላይ ያለውን አድራሻ ብቻ አትመኑ፤ ዛሬ የነዋሪነት ማስረጃ የሚሰጣችሁ ወረዳ የትኛው እንደሆነ አረጋግጡ። ሸገር ውስጥ ከሆናችሁ የክልሉ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ደብዳቤውን በዚያው አዘጋጁ። ዝርዝር አሠራሩ ቢለያይም የበጀት ዓመቱና ከዚህ በታች ያለው የአዘገጃጀት ዘዴ እዚያም ይሠራል።

ገንዘቡን የሚይዘው ማን ነው?

ወረዳውን አስፋልት መጠየቅ ዓመት ማባከን ነው። ዋና መንገድ የከተማው መንገዶች ባለሥልጣን፣ የውሃ መስመርና ፍሳሽ የውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣን፣ ትራንስፎርመርና ምሰሶ ደግሞ የፌዴራሉ የኤሌክትሪክ አገልግሎት ጉዳይ ነው። ከወረዳና ከክፍለ ከተማ ጋር በአብዛኛው የሚነሡት የውስጥ ለውስጥ ኮብልስቶን፣ አነስተኛ የጎርፍ መውረጃ፣ የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ጥገናና ቁሳቁስ፣ የወጣት ማዕከል፣ የሕዝብ መጸዳጃ ቤት፣ የአረንጓዴ ቦታና የመሳሰሉት ናቸው።

ከሁለቱ የትኛው እንደሚይዘው እርግጠኛ ካልሆናችሁ ወረዳው ፋይናንስ ጽሕፈት ቤት ገብታችሁ በቀጥታ ጠይቁ፦ «ይህ ሥራ በእናንተ የካፒታል በጀት ነው ወይስ በክፍለ ከተማው? ባለፈው ዓመት ተመሳሳይ ሥራ የተከፈለው ከየት ነበር?» ሁለተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጠቅማል፤ ባለሙያው የተከፈለበትን መዝገብ አይቶ ይመልስላችኋልና።

ጥያቄው ከወረዳው በላይ ከሆነም ወረዳው ጨርሶ አያስፈልግም ማለት አይደለም። ለባለሥልጣኑ በሚጻፈው ደብዳቤ ላይ የወረዳው ሸኚ ማስታወሻ ሲኖር አቀባበሉ ይለያል።

ቀኖቹ

ከሰኔ 30 ወደ ኋላ ቁጠሩ። ነሐሴ ላይ ጎርፉ በሠፈሩ ሲያልፍ ፎቶ አንሡ፤ ቀኑ ይታወቅ፣ ውሃው ግድግዳ ላይ የደረሰበት ከፍታ በሜትር ተይዞ ይታይ። በበጋ የምታነሡት ደረቅ መንገድ ማንንም አያሳምንም። ኅዳር ነዋሪው የሚያስቀድመውን የሚመርጥበት፣ ታኅሣሥ የምትለኩበትና ዋጋ የምታሰባስቡበት፣ ጥር የምታስገቡበት ነው። ከየካቲት እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የበጀት ጣሪያ (መሥሪያ ቤቱ ሊያቅድ የሚችለው ከፍተኛ ገንዘብ) ከላይ ይላካል፣ መሥሪያ ቤቶችም ዕቅዳቸውን ያሰናዳሉ፤ በዚህ ጊዜ በአካል ሄዶ «ረቂቁ ላይ ገባ ወይ?» ማለት ያስፈልጋል። ሚያዝያና ግንቦት የማስረዳትና የመቀነስ ጊዜ ነው። ብዙ ጥያቄ የሚወድቀው እዚህ ነው፤ ጣሪያው ሲጠብ መጀመሪያ የሚሰረዘው ባለቤት የሌለው መስመር ነውና። ሰኔ ወይም ሐምሌ መግቢያ ላይ ምክር ቤት ያጸድቃል።

ነዋሪው ምን ያስቀድማል?

ለዚህ ሌላ ስብሰባ ከመጥራት የእድሩን ወርኃዊ ስብሰባ ተጠቀሙ። የእድሩን ሊቀመንበር አስፈቅዳችሁ ከመደበኛው ጉዳይ በኋላ 1 ሰዓት ይሰጣችሁ። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የቤት ባለቤቶች ማኅበሩ አለ፤ ነገር ግን ማኅበሩ ባለቤቶችን እንጂ ተከራዮችን አያቅፍም። ዳር ባሉ ሳይቶች ብዙ ሰው ተከራይ ነው፤ ልጁን እዚያው ትምህርት ቤት የሚልከውም፣ በዚያው ጭቃ የሚመላለሰውም እሱ ነው። በየብሎኩ መግቢያ ማስታወቂያ ለጥፋችሁ ጥሩት። ነባሮቹን የአርሶ አደር ቤተሰቦችም አትርሱ፤ ክረምት ላይ ውሃው ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደሚሄድ ከማንም ይልቅ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

አመራረጡ በእጅ ማውጣት አይሁን። እጅ ማውጣት ጮክ ብሎ የሚናገረውን ይጠቅማል። ከ4 እስከ 7 ጥያቄዎችን ለዩና ለእያንዳንዱ አንድ ቆርቆሮ ወይም ጣሳ አስቀምጡ፤ ማንበብ ለማይችል ሰው ሥዕል ለጥፉበት። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ፍሬ ስጡ፤ ለአንድ ጥያቄ ከ3 በላይ ማስገባት አይፈቀድ። ለሴቶች ሽምብራ፣ ለወንዶች ባቄላ ብታደርጉት ቆጠራው ላይ ልዩነቱ በዓይን ይታያል። ለምሳሌ የመንገድ መብራት ጣሳ በሽምብራ ብቻ ቢሞላ፣ ሴቶቹ ማታ ከታክሲ ወርደው የሚሄዱበትን ጨለማ ወንዶቹ አላሰቡትም ማለት ነው። ቆጠራው ሁሉም እያየ ይሁን፤ ውጤቱ ቃለ ጉባኤ ላይ በቁጥር ይጻፍ፤ ተሰብሳቢው ስምና ፊርማ ያኑር። ከ40 እስከ 60 ሰው ከመጣ በቂ ነው።

አንደኛ የወጣውን ብቻ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቢበዛ ሁለተኛውን በተጠባባቂነት። አሥር ጥያቄ የያዘ ደብዳቤ ለቢሮው ዝርዝር ነው፣ መልሱም «በሂደት ይታያል» ይሆናል።

ልኩና ዋጋው

አብዛኛው የነዋሪ ጥያቄ የሚያንሰው እዚህ ላይ ነው። «መንገዳችን ይሠራልን» የሚለውን የዕቅድ ባለሙያው ምንም ያህል ቢያዝንላችሁ በበጀት ቅጽ ላይ ሊጽፈው አይችልም። ቅጹ ቁጥር ይጠይቃል።

አንድ ምሳሌ እንሥራ፦ ርዝመቱ 180 ሜትር፣ ስፋቱ 5 ሜትር የሆነ የውስጥ ለውስጥ መንገድ። በሜትር ለኩት፤ በእርምጃ አትገምቱ። ስፋቱን በሦስት ቦታ ለክታችሁ አማካዩን ያዙ፤ አጥር የገባበት ቦታ ካለ አሁን ምልክት ይደረግበት፣ ሥራው ሲጀመር ጠብ እንዳይሆን። 180 በ5 ሲባዛ 900 ካሬ ሜትር ነው።

ኮብልስቶኑ ጎኑ 10 ሳንቲ ሜትር ሆኖ በመካከል 1 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ቢተው በአንድ ካሬ ወደ 82 ድንጋይ ይገባል። ለ900 ካሬ 73,800 ያህል፤ ለሚሰበርና ለሚጣል 5 በመቶ ሲጨመር ወደ 77,500። ከሥሩ የሚነጠፈው አሸዋ በ5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት 45 ሜትር ኩብ ነው። ከአሸዋው በታች ገረጋንቲ በ20 ሳንቲ ሜትር ቢጠቀጠቅ 180 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ሳይጠቀጠቅ በመኪና ሲመጣ ግን ልቅ ነውና ሩብ ያህል ጨምራችሁ 225 ያዙ። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖ ትራክ 15 ጉዞ ማለት ነው። የዳር ድንጋዩ በሁለቱም ወገን 360 ሜትር ነው።

ዲቹን፣ ማለትም የጎርፍ መውረጃውን ቦይ፣ ግን ፈጽሞ አትተዉ። ገንዘብ ለመቆጠብ ሲባል ያለ ውሃ መውረጃ የተነጠፈ ኮብልስቶን በመጀመሪያው ክረምት አሸዋው ከሥሩ ታጥቦ ይሰምጣል፤ በዓመቱ ድንጋዩን መልቀም ይጀመራል። በአንድ ወገን ውስጡ 60 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 60 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው፣ የግራና ቀኝ ግንቡ 40፣ ወለሉ 25 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የድንጋይ ግንብ ዲች ብታስቡ፣ ቁፋሮው 1.4 ሜትር ስፋትና 0.85 ሜትር ጥልቀት ይሆናል፤ ለ180 ሜትር ወደ 214 ሜትር ኩብ አፈር ይወጣል። ግንቡ በሜትር 0.83 ሜትር ኩብ ስለሚወስድ በጠቅላላ ወደ 150 ሜትር ኩብ ነው። ወደ ቤት የሚገባባቸውን መሻገሪያዎችም ቁጠሩ፤ 12 በር ካለ 12 የዲች ክዳን ያስፈልጋል። ይህ ሲረሳ ነዋሪው በራሱ አፈር ሞልቶ ይሻገራል፣ ዲቹም በዚያው ይደፈናል።

ቀጥሎ ውሃው የት ይጨርሳል? መንገዱ ከላይ እስከ ታች ቢያንስ 1 በመቶ መውረድ አለበት፤ ለ180 ሜትር 1.8 ሜትር። ግልጽ የላስቲክ ቱቦ ውሃ ሞልታችሁ በሁለት ሰው ብትለኩት ይታወቃል። የዲቹ መጨረሻ ወንዝ ወይም ትልቅ መውረጃ ካልሆነ ጎርፉን ለታችኛው ጎረቤት አስተላለፋችሁ ማለት ነው። የታችኞቹ ነዋሪዎች ፈርመው ያልተስማሙበት ዲች በቅሬታ ይቆማል፤ ሰበቡም በቂ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ ከሦስት አቅራቢ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ውሰዱ፤ የወረዳው ወይም የክፍለ ከተማው የግንባታ ባለሙያ የሚጠቀምበት የነጠላ ዋጋ ጥናት ካለ ግን እሱ ይቀድማል። የእጅ ዋጋ፣ የትራንስፖርትና የማሽን ኪራይ ይጨመር። ድምሩ ላይ 10 በመቶ መጠባበቂያ፣ ከዚያ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ። ለምሳሌ ድምሩ 1,000,000 ብር ቢሆን ከመጠባበቂያው ጋር 1,100,000፣ ከታክሱ ጋር 1,265,000 ይመጣል። ታክሱን የረሳ ግምት ጨረታ ላይ ሲደርስ ገንዘቡ ያንሳል፤ ያኔ የሚቆረጠው አብዛኛውን ጊዜ ዲቹ ነው።

የናንተ ስሌት የመሐንዲስን ዲዛይን አይተካም። ባለሙያው ቦታው ድረስ እንዲመጣ ምክንያት ይሆነዋል፤ እሱ የሚያርመው ነገር ሲኖረው ከባዶ ከመጀመር ይቀለዋል።

የምትጠይቁት ሕንፃ ከሆነ በዓመት የሚያስወጣውንም ጻፉ። ውሃና ጥበቃ ያልተያዘለት መጸዳጃ ቤት፣ ሠራተኛ ያልተቀጠረለት ቤተ መጻሕፍት ተመርቆ ይቆለፋል። ግንባታው ከካፒታል፣ ደመወዙና ውሃው ከመደበኛ በጀት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ካልጠየቃችሁ ሁለተኛው አይመጣም።

ደብዳቤው

አንድ ገጽ ይበቃል፤ ቀሪው አባሪ። ጉዳዩን በአንድ መስመር ጻፉት፦ «በ… ወረዳ ቀጠና … የ180 ሜትር ኮብልስቶንና ዲች ግንባታ በቀጣዩ በጀት ዓመት እንዲያዝ ስለመጠየቅ»። ከዚያ ስንት አባወራና እማወራ እንደሚጠቀም፣ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ መኖሩ፣ ልኩ፣ ዋጋው፣ ነዋሪው የሚያዋጣው ነገር። አባሪው ቃለ ጉባኤው ከነፊርማው፣ የልክ ሠንጠረዡ፣ ፕሮፎርማዎቹ፣ የነሐሴዎቹ ፎቶዎችና የታችኛው ሠፈር ስምምነት ናቸው።

ለዋና ሥራ አስፈጻሚው አድርጉት፤ ግልባጭ ለወረዳው ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፣ ለፋይናንስ ጽሕፈት ቤቱና ለሚመለከተው የሥራ ክፍል። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉና ቁጥሩንና ቀኑን በራሳችሁ ኮፒ ላይ አስጽፉ። ለኃላፊው በእጅ ሰጥቶ መምጣት አክብሮት ይመስላል፤ ኃላፊው ሲቀየር ግን ወረቀቱም አብሮ ይጠፋል። ዳር ወረዳዎች ላይ የኃላፊ ዝውውር የሚያስገርም ነገር ስላልሆነ የገቢ ቁጥሩ ትልቅ ነገር ነው።

መድረኩ ላይ

የበጀት ረቂቁ ለውይይት በሚቀርብበት የወረዳ መድረክ ላይ፣ ጥያቄውን ካዘጋጀው የነዋሪ ኮሚቴ አንድ ሰው ይናገር፤ ሌሎቹ በሌላ ነገር ጊዜውን አይሻሙት። ሁለት ደቂቃ ይበቃል፦ የገቢ ቁጥሩ፣ ልኩ፣ ዋጋው፣ ከዚያም «ረቂቁ ላይ ተይዟል ወይስ አልተያዘም? ካልተያዘ በምን ምክንያት?»። ብሶት ማሰማት ተገቢ ቢሆንም መልሱ ብዙ ጊዜ ማጽናኛ ነው። «ተይዟል ወይስ አልተያዘም» ግን በቃለ ጉባኤ የሚመዘገብ መልስ ይጠይቃል። የመድረኩን ቃለ ጉባኤ የሚጽፈውን ሰው ለዩና ጥያቄያችሁ መግባቱን ከአዳራሹ ሳትወጡ አረጋግጡ።

በጀቱን ማንበብ

ከ1998 በኋላ በመሠረታዊ አገልግሎቶች ጥበቃ ፕሮግራም ሥር በመላ አገሪቱ ወረዳዎች በጀትና ወጪያቸውን በቀላል ሠንጠረዥ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እንዲለጥፉ ሲሠራበት ቆይቷል። በወረዳችሁ ካለ ፎቶ አንሡት፤ ከሌለ እንዲለጠፍ ጠይቁ።

የከተማው ጠቅላላ በጀት አያታልላችሁ። ለ2016 ከ140 ቢሊዮን ብር በላይ የነበረው ለ2017 ከ230 ቢሊዮን በላይ ሆኖ ጸድቋል፤ ይህ ግን ስለ ቀጠናችሁ ምንም አይናገርም። የወጪ መደቦቹን ኮድ ተመልከቱ። በ6100 የሚጀምሩት ለሠራተኛ የሚከፈሉ ናቸው፣ 6111 የቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ነው። በ6200 ያሉት ዕቃና አገልግሎት ናቸው፤ ነዳጅ 6217፣ ውሎ አበል 6231። በ6300 ያሉት ቋሚ ንብረትና ግንባታ ናቸው፤ የናንተ ዲች እዚያ መሆን አለበት። ፕሮጀክቱ በስሙና በቦታው ካልተጠቀሰ፣ «ልዩ ልዩ የመሠረተ ልማት ሥራዎች» በሚል ጥቅል ውስጥ ነው ብትባሉም፣ ተያዘ ብላችሁ አትሂዱ፤ ጥቅሉ ውስጥ የትኞቹ ሠፈሮች እንዳሉ የሚያሳየውን ዝርዝር ጠይቁ።

መረጃ ከተከለከላችሁ በ2000 ዓ.ም. የወጣው የመገናኛ ብዙኃንና የመረጃ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 590 አለላችሁ። ጥያቄውን በጽሑፍ ለሕዝብ ግንኙነት ክፍሉ አቅርቡ፤ የምትፈልጉትን ሰነድ በስሙ ጥሩ፦ «የ… በጀት ዓመት የጸደቀ የካፒታል በጀት ዝርዝርና የ2ኛው ሩብ ዓመት የወጪ ሪፖርት»። ለምን እንደፈለጋችሁት የማስረዳት ግዴታ የለባችሁም። መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት፤ እምቢ ካለም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣል። ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ የኢትዮጵያ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ነው።

መዋጮ ሲመጣ

ነዋሪው ከፊሉን አዋጥቶ መንግሥት ቀሪውን የሚጨምርበት አሠራር ዳር ሠፈሮች ላይ የታወቀ ነው፤ ጥያቄያችሁንም ያጠነክራል። ገንዘቡን ግን የኮሚቴ አባል በስሙ ባንክ አያስቀምጠው። በሦስት ፈራሚ የሚንቀሳቀስ የጋራ ሒሳብ ይከፈት፤ ወደ መንግሥት ሲገባ ሞዴል 64 የተባለው የመንግሥት ገቢ ደረሰኝ ይቆረጥ። አቅም የሌላቸው ቤተሰቦች በጉልበት ወይም ጭራሽ ያለ መዋጮ እንዲያልፉ አስቀድማችሁ ወስኑ። መዋጮ ያልከፈለ በሚል ዲቹ በሩ ሳይደርስ የሚቀር ቤት መኖር የለበትም፤ ውሃውም በዚያ ቦታ ተከፍቶ ሁላችሁንም ይመለስባችኋል።

ከጸደቀ በኋላ

ሩብ ዓመቶቹ መስከረም 30፣ ታኅሣሥ 30፣ መጋቢት 30 እና ሰኔ 30 ያበቃሉ። በየጊዜው አንድ ጥያቄ ብቻ ይዛችሁ ሂዱ። መስከረም ላይ «ዲዛይኑና የጨረታ ሰነዱ አልቋል?»፣ ታኅሣሥ ላይ «ውል ተፈርሟል? ቦታው ለሥራ ተቋራጩ ተሰጥቷል?»፣ መጋቢት ላይ «ስንት በመቶ ተከፈለ፣ ስንት በመቶ ተሠራ?»። የግንባታው ጊዜ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ነው። እስከ የካቲት ጨረታ ያልወጣለት ሥራ ዝናብ ሳይመጣ ማለቁ ያጠራጥራል፤ ያልተከፈለው ገንዘብ ደግሞ በዓመቱ መጨረሻ ተመላሽ ይሆናል። ስለዚህ ታኅሣሥ ላይ ውል ከሌለ ደብዳቤ ጻፉ፤ ሚያዝያን አትጠብቁ። በዓመቱ አጋማሽ የበጀት ዝውውር (ገንዘቡን ወደ ሌላ ሥራ ማዛወር) ተጠይቆ እንደሆነም ጠይቁ፤ ጸድቆ የነበረ ፕሮጀክት ድምፁ ሳይሰማ የሚጠፋበት አንዱ በር እሱ ነው።

ሥራው ሲጀመር ሁለት ሰው መድቡ፤ የዲቹን ጥልቀትና የገረጋንቲውን ውፍረት ሳይሸፈን በሜትር ለክተው ፎቶ ያንሡ። ከተነጠፈ በኋላ ማንም አያየውም። ልዩነት ካገኛችሁ ከሠራተኞቹ ጋር አትከራከሩ፤ ለተቆጣጣሪ መሐንዲሱ በቀኑ በጽሑፍ አስታውቁ።

መጀመሪያ የሚደረገው ርክክብ ጊዜያዊ ነው። በአብዛኛው ከክፍያው 5 በመቶ ያህል ተይዞ ይቆይና ለአንድ ዓመት የሚታየው ጉድለት በሥራ ተቋራጩ ወጪ ይስተካከላል። ያ ዓመት ውስጥ አንድ ክረምት አለ። መስከረም ሲጠባ መንገዱን ከላይ እስከ ታች ሂዱበት፤ የሰመጠውን ቦታ በካሬ፣ የተሰነጠቀውን ግንብ በሜትር ጻፉና የመጨረሻው ርክክብ ከመፈረሙ በፊት ለወረዳው በገቢ ቁጥር አስገቡ።